የጦር መሣሪያ መቼ ይሞታል?

ውብ ነበሩ። ከዚህ ካልጀመርኩ የምጽፈው ሁሉ በውሸት ይጀምራል። በአሪዞና በረሃ፣ በቱሳን ከተማ ዳር፣ በፒማ የአየርና የኅዋ ሙዚየም ግቢ ውስጥ በአንድ የግንቦት ማለዳ ብቻዬን ስዘዋወር፣ ሰው ለመግደል የተሠሩ አውሮፕላኖችን እያየሁ ደስ አለኝ። ደስታው ትንሽ አልነበረም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ እርምጃዬ እንደ ልጅ ይፈጥን ነበር። ስምንት ሞተር የተሸከመው ቢ-52 ቦምብ ጣይ ክንፉን ዘርግቶ ፊቴ ሲቆም፣ የመጣሁበትን ረስቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ወደ ፊኒክስ ስመለስ መንገድ ላይ ጥያቄ ያዘኝ። ያየሁት ምንድን ነው? የጦር መሣሪያ ነው ወይስ የጦር መሣሪያ የነበረ ነገር? ይህ የቃላት ጨዋታ አይመስለኝም። መሣሪያው ሞቶ ከሆነ፣ ደስታዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአንበሳ ቆዳ አይቶ ከሚደነቅ ሰው ደስታ አይለይም። ካልሞተ ግን፣ ለሰው ጥፋት ተዘጋጅቶ በቆመ ነገር ፊት ተደስቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ በደስታዬ ላይ ከመፍረዴ በፊት የጦር መሣሪያ መቼ እንደሚሞት ማወቅ አለብኝ።

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ቀላል ነው። መሣሪያ የሚሞተው መሥራት ሲያቅተው ነው ይላል። በፒማ 32 ሄክታር በሚሆን ግቢ ላይ 400 ገደማ አውሮፕላኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ደጅ ናቸው። ነዳጅ የላቸውም፤ ቦምብ የላቸውም። የብዙዎቹ የአብራሪ መስታወት ፀሐይ ውስጡን እንዳያቃጥለው በነጭ ተሸፍኗል። ዓይኑን የከደኑለት ሰው ይመስላሉ። እንግዲህ ሞተዋል ልበል?

አልችልም፤ የአያቴ ምንሽር ይከለክለኛል። በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አውቀዋለሁ። ጥይት አልነበረውም፤ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሳጥኑን ሁሉ በርብሬ አጥቻለሁ። ነገር ግን የድንበር ነገር ለመነጋገር የመጣ ጎረቤት ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ ምሰሶው ይሄድ ነበር። ድምፁም ከዚያ በኋላ ዝቅ ይላል። ምንሽሩ እየሠራ ነበር። ጥይት ሳይኖረው ሥራውን ይሠራ ነበር። ስለዚህ መተኮስ አለመቻል ሞት አይደለም።

እንዲህ ይባል ይሆናል፦ ጎረቤቱ ጥይት አለመኖሩን ስላላወቀ ነው፤ በሙዚየም የቆመን አውሮፕላን ግን ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ቢሆንም ከሙዚየሙ መንገድ ብቻ ተሻግሮ ያለውን ነገር አስባለሁ። እዚያ የዴቪስ-ሞንታን የአየር ኃይል ጣቢያ አለ፤ በግቢውም በሺህ የሚቆጠሩ ከአገልግሎት የወጡ አውሮፕላኖች በረድፍ ተሰልፈዋል። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብረት ቶሎ አይዝግም፤ አፈሩም ጠንካራ ስለሆነ ከባዱን አውሮፕላን ያለ አስፋልት ይሸከማል። ሰዎች ቦታውን የአውሮፕላን መቃብር ይሉታል። ሆኖም ከእነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደዚያ የተወሰደ ቢ-52፣ በ2015 ተጠግኖ በራሱ ሞተር በረረና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከመቃብር ወጥቶ የሚበር ነገር ሞቶ ነበር ማለት አይቻልም። ብረቱን ብቻ አይቶ ይህ ሞቷል፣ ያኛው ተኝቷል ብሎ የሚለይ ዓይን የለም።

ይህን ችግር ከእኔ በፊት ያወቁት ፈላስፎች አልነበሩም፤ ተደራዳሪዎች ነበሩ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 በተፈራረሙት የረጅም ርቀት ኑክሌር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነት ምክንያት 365 ቢ-52ዎች በዚሁ በረሃ ላይ ተቆራረጡ። ስድስት ቶን ገደማ የሚመዝን ስለት በክሬን ከፍ ይደረግና አውሮፕላኑ ላይ ይለቀቅ ነበር። ክንፍ ለብቻው፣ ጭራ ለብቻው ወደቀ። ከዚያ የተቆረጠው አካል አልተነሣም። ለ90 ቀን በወደቀበት ተተወ። ለምን? ጠላት የነበረው ወገን በሳተላይት ከላይ እንዲያየው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል። ቆራጮቹ አውሮፕላኑ መሞቱን ያውቁ ነበር፤ በእጃቸው ነው የቆረጡት። የእነርሱ እውቀት ግን አልበቃም። ሞቱ የጸናው የሚፈራው ሰው ሲያየው ነው። እኛም ዘንድ ሬሳው ያልተገኘ ልጅ እናት መርዶ ከሰማች በኋላ እንኳ ለዓመታት በሩን ታያለች። ዕድሩ ድንኳን ጥሎ፣ ለቅሶው አልቆ፣ ተዝካሩ ወጥቶ እርሷ ታያለች። ለእርሷ ሞቱ ገና አልሆነም። የመሣሪያ ሞትም እንዲሁ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሩም ባለቤቱ ሊሆን አይችልም።

ከቱሳን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ደግሞ፣ ሳዋሪታ በሚባል ቦታ፣ ታይታን 2 የተባለው ሚሳይል በጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ይታያል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካ 54 ታይታን 2 በጉድጓድ ውስጥ ዝግጁ አድርጋ ነበር፤ 18ቱ በቱሳን ዙሪያ ነበሩ። እያንዳንዱ በጫፉ 9 ሜጋቶን ጉልበት ያለው የኑክሌር ቦምብ ይሸከም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1987 ቆዩ፤ ሁሉም ተነሡ፤ ይህ አንድ ጉድጓድ ብቻ ለሙዚየም ቀረ። የጉድጓዱ ክዳን ለዘላለም በከፊል ተከፍቶ እንዲቀር በኮንክሪት ታግዷል። በሚሳይሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ተቆርጧል፤ ባዶ መሆኑን ከሰማይ የሚያይ ሁሉ እንዲያረጋግጥ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ የቆመው ሚሳይል ለሥልጠና ያገለገለ ነው። ነዳጅ ተሞልቶበት አያውቅም፤ እውነተኛ ቦምብም አልተሸከመም። አንድም ቀን የጦር መሣሪያ ሆኖ አያውቅም። እንደዚያም ሆኖ መገደል ነበረበት። ያልኖረን ነገር በስተው ገደሉት፤ የኖረው በሌላው ፍርሃት ውስጥ ነበርና።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ቸኩዬ ነበር፦ የጦር መሣሪያ ብረት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ሲያበቃ ይሞታል አልኩ። ለሁለት ቀን ያህል በዚህ ረክቼ ቆየሁ። ከዚያ ላኦስ ትዝ አለችኝና ፈረሰብኝ።

በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት፣ አሜሪካ በላኦስ ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች። ከትናንሾቹ የክላስተር ቦምቦች ብዙዎቹ ሳይፈነዱ በአፈር ውስጥ ቀሩ። ዛሬም ገበሬ መቆፈሪያ ሲያሳርፍ፣ ልጅ ኳስ የመሰለውን ነገር ሲያነሣ ይፈነዳሉ። ልጁ አልፈራም ነበር፤ ባለመፍራቱም ነው የሞተው። እንግዲህ ፍርሃት በሌለበትም መሣሪያ አለ ማለት ነው። ድምዳሜዬ ግማሹን ብቻ ይዞ ነበር። መሣሪያ ሁለት አካል አለው ብዬ ማረም ይኖርብኛል፤ አንዱ በሚፈራው ሰው ሐሳብ ውስጥ ያለው ነው፣ ሌላው በሥጋ ላይ የሚያርፈው። ሁለቱ አብረው አይወለዱም፣ አብረው አይሞቱም። የሥልጠናው ሚሳይል የመጀመሪያው ብቻ ነበረው። የላኦስ አፈር ውስጥ ያለው ሁለተኛውን ብቻ ይዟል። እናም ቦምቡን የጣለው ዓይነት አውሮፕላን በቱሳን እንደ ቅርስ ሲጠበቅ፣ የጣለው ነገር በሌላ አህጉር ገና በሕይወት አለ። አንዱ ጫፍ ሙዚየም፣ ሌላው ጫፍ እርሻ። ስለዚህ ፒማ የቆመውን ቢ-52 ሞቷል ስል፣ የቱን ጫፍ ይዤ ነው የምናገረው?

ከሁሉ የከበደኝን ተቃውሞ አልሸሽም። እንዲህ ይላል፦ ታይታን 2 ለ24 ዓመት ዝግጁ ሆኖ ቆሞ አንድም ጊዜ ጠላት ላይ አልተተኮሰም፤ ታላላቆቹ መንግሥታት በቀጥታ ያልተዋጉትም ስለዚህ ነው፤ ስለዚህ በሰላም አገልግሎ የሞተ ዘብ ነው፣ ብታደንቀው ነውር የለበትም። ይህን አላፈርሰውም። ያልሆነ ነገር ለምን እንዳልሆነ ማንም ሊመሰክር አይችልም፤ እኔም አልችልም። የምለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ መስከረም 1980 እ.ኤ.አ. በአርካንሶ ግዛት በአንዱ የታይታን ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ጠጋኝ እጅ የመፍቻ ራስ አምልጦ ወደቀ፤ የነዳጁን ታንክ ቀደደው፤ ከሰዓታት በኋላ ሚሳይሉ ፈነዳ፤ አንድ ወታደር ሞተ፤ ቦምቡ ከጉድጓዱ ተወርውሮ ወጣ። ቦምቡ ባለመፈንዳቱ ብቻ ነው ዛሬ ስለ ዘብነት የምንከራከረው። ሁለተኛ፣ ሰላሙ የማን ነበር? ሁለቱ ታላላቆች በቀጥታ ሳይዋጉ በቆዩበት በዚያው ዘመን እኛ ተዋግተናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የኛ የአሜሪካ ሥሪት ኤፍ-5ዎች ከሶማሊያ የሶቪየት ሥሪት ሚጎች ጋር ተታኮሱ። ጦርነቱ ሳያበቃ ሶቪየት ወደኛ ዞረች፤ የኛም አብራሪዎች ሚግ ያዙ። መሣሪያው ወዳጅ አልለየም። የተጠበቀው ሰላም የሌሎች ነበር፤ የዘብነቱ ዋጋ ከሌላ ሰው ኪስ ተከፍሏል።

በሳዋሪታው የታይታን ጉድጓድ ጉብኝት ላይ ስለራሴ ያወቅሁትን መጻፍ አለብኝ። አስጎብኚው ከጎብኚዎች መካከል እኔን መረጠኝና በአዛዡ ወንበር አስቀመጠኝ። ሚሳይሉ የሚተኮሰው በሁለት ቁልፍ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይደርስባቸው ቁልፎቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። በአንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ለአምስት ሴኮንድ ይያዛሉ። ከዚያ ከ58 ሴኮንድ በኋላ ሚሳይሉ ይነሣል። በውስጡ ሦስት ዒላማዎች በቁጥር ተመዝግበው ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቁጥሮቹ የየትኛው ከተማ እንደሆኑ ቁልፍ የሚያዞሩት ሰዎች አያውቁም ነበር። ቆጠራው ተጠራ፤ አዞርኩ፤ ያዝኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። መብራቱ ሲበራ ሰዎች አጨበጨቡ፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

ጨዋታ ስለሆነ ነው ልል እችል ነበር። ግን ያዞሩት የነበሩትም ሰዎች በየቀኑ የሚለማመዱት እንዲሁ ነበር፤ ልምምዱ የተሠራው እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። የማላውቀውን ከተማ በቁጥር ቢሰጡኝ እጄ ታዛዥ እንደሚሆን ያን ቀን አወቅሁ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ስለ መሣሪያ ስጠይቅ ከራሴ ውጭ ስላለ ነገር ብቻ እንደምጠይቅ ማስመሰል አልችልም።

ልጅነቴ በቢሾፍቱ ነው። የአየር ኃይሉ ሰፈር ስለሆነች አውሮፕላን የኛ የልጆቹ ነገር ነበር። ሆራ ዳር ቆመን ጄት በላያችን ሲያልፍ እጃችንን እያውለበለብን እንጮሃለን። ሚግ-21ን በድምፁ ብቻ ለይቶ ስሙን ቀድሞ የጠራ ልጅ ያን ቀን ጌታ ነበር። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ሲገባ የሚሰማኝ ነገር ደስታ ነበር፤ አሁንም ስሙን ሌላ ላደርገው አልችልም።

ፊኒክስ ያለ አንድ ወዳጄ ያንኑ ድምፅ በትግራይ ሰምቷል፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። የነርሱ ገበያ የሚቆመው ማታ ነበር። ገበሬው በጨለማ ያርሳል፤ እናቶች ቀን ጭስ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ ሐውዜን ከተማ በገበያ ቀን የወረደውን የአውሮፕላን ድብደባ ሁሉም ያውቃል፤ የርሱ መንደር ግን ከዚያ በፊትም ጨለማን ለምዶ ነበር። ስለ ፒማ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ድምፅ አላቸው?»

«የላቸውም፤ ቆመዋል» አልኩት።

«እንግዲያ አላየሃቸውም።»

ይህ አባባል ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። በመጀመሪያ ተቃወምኩት። ድምፅ የመሣሪያው ምንነት ቢሆን፣ ቢ-52 ከሁሉ የዋህ በሆነ ነበር። በቬትናም ከፍ ብሎ ስለሚበር በታች ያሉት አያዩትም፣ አይሰሙትም ነበር፤ መጀመሪያ የሚደርሰው ቦምቡ ነው። ከቢ-52 ዓይነቶች አንዱ፣ ዲ የሚባለው፣ እስከ 108 ቦምብ ይይዝ ነበር። ዝም ብሎ የሚመጣ ሞት ሞት መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ ወዳጄ ተሳስቷል አልኩ።

ደግሜ ሳስበው ግን የተናገረው ስለ ድምፅ አልነበረም። የተናገረው ስለ ቦታ ነው። እርሱ አውሮፕላንን የሚያውቀው ከሥር ነው። እኔ በፒማ አውሮፕላኖቹን ከፊት አየኋቸው፣ ከጎን አየኋቸው፤ ፎቶ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ጽሑፉ የሚነግረኝ ፍጥነታቸውን፣ የክንፋቸውን ርዝመት፣ የአብራሪውን ቁጥር ነው። ከሥር ስለነበረው ሰው የሚናገር መስመር ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ተረታችን። እኔ ተረትን ተረት ስለሆነ ብቻ አልቀበልም፤ የተወጋም ይረሳል፣ የወጋም እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። መሣሪያው መሞቱን ለመመስከር የመጀመሪያው መብት የተወጋው ነው፤ ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች 90 ቀን የጠበቁት ይህንኑ ስላወቁ ነው። ለኃያል ጠላት ያ መብት ተሰጠው፤ ሳተላይት ነበረው። ሳተላይት ለሌለው ገበሬ ማን ቆርጦ አሳየው?

ወደ ውበቱ ልመለስ፤ ጥዬው አላልፍም። አውሮፕላኑ ውብ የሆነው አየር ስለቀረጸው ነው ብዬ አስባለሁ። አየር የሚጭኑትን አይጠይቅም፤ እህልም ይሁን ቦምብ ክንፉ እንዲህ እንዲሆን ብቻ ያዛል። ስለዚህ ያ ቅርጽ የንስርም ቅርጽ ነው፤ ማድነቄ ኃጢአት አይመስለኝም። በመቅደላ አምባ ላይ ደጅ የተቀመጠውን የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን የሚያይ ኢትዮጵያዊም ልቡ የሚነካው በገደለው ሰው ብዛት አይደለም፤ መድፉ ንጉሡን አላዳነም። የሚያየው ያን ብረት ተራራ ለተራራ የጎተተውን ትከሻ ነው። እዚያም ቢሆን ትከሻው የማን እንደነበር፣ ወዶ ይጎትት ወይም ተገዶ፣ ቆሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ውበት ዓይንን ወደ አንድ ወገን ያዞራል። ጥፋቱ ውበቱ ላይ የለም፤ የዞረው ዓይን እዚያው ሲቀር ነው። ለእኔም የሆነው እንዲያ ነው። ያ ማለዳ የሆራ ዳር ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ወዳጄን አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ብዙ ጊዜ እምቢ አለ፤ በኋላ አንድ ቅዳሜ እሺ ብሎ መጣ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ግቢ ዛፍ ጥቂት ስለሆነ ጎብኚ ሁሉ ከክንፍ ጥላ ወደ ክንፍ ጥላ እየተሻገረ ነው የሚሄደው። ከቢ-52ው ክንፍ ሥር ቤተሰቦች ቆመው ውኃ ይጠጣሉ፤ አንዲት እናት ሕፃኗን ከጋሪው አውጥታ ታናፍሰዋለች። እኔም ገባሁ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ሆዱን፣ የቦምብ ክፍሉን በሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥር አየሁ።

ዞር ስል ወዳጄ አልተከተለኝም። ጥላው የሚያልቅበት መስመር አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ጫማው መስመሩን አልነካም። «ና እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በፊቱ ላብ እየፈሰሰ ወደ ክንፉ ሳይሆን ከክንፉ በላይ ወዳለው ባዶ ሰማይ ያይ ነበር። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም። «ሌላም አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። «ሚግ-21 አለ።»

«እሱን አሳየኝ» አለና ቀድሞኝ መሄድ ጀመረ።